ኪንግ ይዘህ ኤስ ሲወርድ

ቅዳሜ ማታ የተነሳ ክርክር እስካሁን ስላልለቀቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ "ቲቸር ደግሞ ቁማር ጀመረ" እንዳትሉኝ፤ የምንጫወተው በቆርኪ ነው።

እዚህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ማታ አምስት ጎረቤታሞች እኛ ቤት እንሰበሰባለን። ድሮ ኮንከር ነበር፣ አንዱ ፖከር አስተማረንና ኮንከሩ ቀረ። የምንጫወተው ሊሚት የሚባለውን ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ለየሰዉ ሁለት ካርታ በድብቅ ይሰጣል፣ ለሁሉም የሚሆን አምስት ካርታ ደግሞ መሐል ላይ ይገለጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። የሚያዘው ልክ አለው። እኛ ጋ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች 1 ቆርኪ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት 2 ቆርኪ። "ያለኝን በሙሉ" ብሎ ሰው ማስደንገጥ የለም።

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ሁለት ኪንግ ደረሳቸው። ጨመሩ። ከእኔ በቀር ሁሉም ወጣ። መሐል 5 ቆርኪ አለ። ሦስቱ ካርታ ሲገለጥ ኤስ፣ 8፣ 3። እኔ 1 ቆርኪ አስያዝኩ። ጋሼ ኤሷን አየት አደረጉና ሁለቱን ኪንግ ገልጠው ጣሉ።

"ኤስ ወርዶ ኪንግ ምን ይሠራል መምህር?"

የያዝኩትን አሳየኋቸው፤ ሁለት ዘጠኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጋሼ የተሳሳቱት ኤሷን ስለፈሩ ብቻ አይደለም፣ ሰው ስላልቆጠሩ ነው። ኪንግ ይዘህ ከሦስቱ ካርታ ውስጥ ኤስ የመውረዱ ነገር ከ100 ወደ 23 ጊዜ ነው። ሁለት ኩዊን ከያዝክ ኤስ ወይ ኪንግ 41 ጊዜ ይወርዳል፤ ጃክ ከሆነ ከሱ የሚበልጥ 57 ጊዜ። ሁልጊዜ የምትጥል ከሆነማ ጥሩ ካርታ መያዝህ ምን ጠቀመህ?

አንድ ኤስ መሬት ላይ ካለ የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ያላየሃቸው ካርታዎች ደግሞ 47። ፊትህ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ዝም ብሎ የመጣለትን ይዞ ቢሆን፣ ኤስ የሚኖረው ከ8 ጊዜ 1 ጊዜ ነው። ሲያስይዝ ግምቱ ከፍ ይላል፣ እሺ። ግን ሒሳቡን እንየው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ቢከተሉኝ 1 ሲደመር 2 ሲደመር 2፣ 5 ቆርኪ ይከፍላሉ። የሚያገኙት መሐል የነበረው 5 እና የኔ 5፣ 10 ነው። ከሦስት ጊዜ አንዴ ብቻ ቢያሸንፉ እንኳ አይከስሩም ማለት ነው! በሊሚት የመጨረሻው ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አሁን ገልብጡት። አምስታችንም ገብተን ኤስ ቢወርድ፣ ከአራቱ አንዱ ኤስ የመያዙ ዕድል በጭፍን ሲሰላ 44 ከመቶ ነው። ሰው ደግሞ ኤስ ይዞ አይወጣም፣ ስለዚህ ከዚያም ይበልጣል። አንዱ አስይዞ ሌላው ከጨመረበት ኪንጉን መጣል ነው። "ሦስተኛ ኪንግ ይመጣልኛል" የሚል አለ። የቀሩት ኪንጎች ሁለት ናቸው፣ ከ47 ካርታ። በሚቀጥለው ካርታ የመምጣቱ ዕድል ከ23 አንድ ገደማ ነው። ለዚህ አይከፈልም።

ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቤት በብር ተጫውቼ አውቃለሁ። ኩዊን ይዤ፣ ኪንግ ወርዶ፣ አራት ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ "አንድ ብቻ ናት" እያልኩ እስከ መጨረሻው ከፈልኩ። ደግሞም እንደገና። ሊሚት በአንድ ጊዜ አያራቁትህም፣ በሳንቲም ሳንቲም እንጂ። የወሩን የታክሲ ብር ጨርሼ ከትምህርት ቤት በእግሬ የተመለስኩበትን ሳምንት ባለቤቴ እስከዛሬ ታስታውሰዋለች። ከዚያ ወዲህ በቆርኪ ብቻ።

በ2015 እ.ኤ.አ. የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴፊየስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ከራሱ ጋር ደጋግሞ አጫውተው፣ የሁለት ሰው ሊሚት ፖከር ተፈታ ለማለት የሚያበቃ ደረጃ አደረሱት። ልብ በሉ፣ የሁለት ሰው። የጋሼ ኪንግም የወደቀው በሁለት ሰው ጨዋታ ላይ ነው።

ይሄን ሁሉ በወረቀት ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። "ቁጥሩ ልክ ነው" አሉ። "እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የአለቃ መኪና ነው የነዳሁት። የበላይ ሲመጣ ዞር ማለት ለምዶብኛል።"

ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ጋሼ ቀና ብለው "አንተስ?" አሉኝ። "ዘጠኝ ይዘህ ኤስ ፊት ምን ቤት ነኝ ብለህ አስያዝክ?"

እውነቱን ነገርኳቸው። ኤስ ሲወርድ እንደሚጥሉ ስለማውቅ ነው። ከመጣን ጀምሮ እያየሁ ነበር።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ለመጪው ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፌስታል ቆርኪ ይዘው እንደሚመጡ ተናግረዋል። እኔም ዘጠኝ ይዤ እንደዚያ የምቀልድ አይመስለኝም።