የፋብሪካው ጥያቄ የመመረቂያ ርዕስ ይሁን

ጥጥ ለቃሚው የሰበሰበውን በላስቲክ ማዳበሪያ ሲያጭቅ ከከረጢቱ የምትመዘዝ ቀጭን ክር አለች። ከጥጡ ጋር ትዳመጣለች፣ ትፈተላለች፣ ትሸመናለች፤ ልብ የሚላት የለም። ጉዱ የሚወጣው ማቅለሚያ ክፍል ነው። ከረጢቱ የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የጥጥ ቀለም ስለማይቀበል በጠቆረው ጨርቅ ላይ ነጭ ጭረት ሆና ብቅ ትላለች።

ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል? ተማሪዎቻችን ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ፋብሪካ የሚሄዱት መጠይቅ ሊያስሞሉ ነው።

ባሕር ዳር ላይ «ፋብሪካው ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። የከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሳ ተተከለ፤ በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክም ሙያውን ያስተምር ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ከፋብሪካው ያለው ርቀት የከተማ ታክሲ መንገድ ነው።

ጥፋቱ የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። «ሚስጥራችን ይወጣል» ብለው በር የሚዘጉ ባለሀብቶች ሞልተዋል፤ የማሽን ብልሽት ሲገጥማቸው ግን የውጭ ባለሙያ በዶላር ያስመጣሉ። ሚስጥሩን ግን በውል መጠበቅ፣ የጥናቱንም ውጤት ለተወሰነ ጊዜ ሳይታተም ማቆየት ይቻላል።

እንግዲህ ከተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች አንዱ የፋብሪካው ኢንጂነር ይሁን፤ ተማሪውም ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ከፈረቃ ሠራተኛ ጋር ይዋል፣ ይደር። የትራንስፖርትና የናሙና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካው የመግባቢያ ሰነድ ከመፈራረማቸው በፊት ይወሰን።