በማዘጋጃ ቤት የገበሬውም ድምፅ ይሰማ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ትንሽ ከተማ ደምቆ የሚታየው በገበያ ቀን ነው። ከጉና ግርጌ ገብስ፣ ድንችና በግ፣ ከበሽሎ ቆላ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ወጥቶ ካልተገናኘ የሱቁ በር ተከፍቶ ቢውል ገዥ አያገኝም። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟ ራሱ ከተማን ያቆመው ማን እንደሆነ ይመሰክራል። በነፋስ መውጫ በኩል ከወረታ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ጎዳናም ቢሆን ጭነቱን የሚያገኘው ከገበሬው ጎተራና በረት ነው።

ይሁን እንጂ ገበሬው ሌሊት አህያውን ጭኖ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከገበያ ሲደርስ የእህሉን ቀረጥና የከብቱን ኮቴ ይከፍላል እንጂ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል የሚጠይቅበት ወንበር በማዘጋጃ ቤት የለውም። የሚጠጣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና የዝናብ መጠለያ በሌለበት ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው ከፋይ እንጂ ባለቤት አልሆነም። ጉዳዩ በገበያው ብቻ አያበቃም። ከከተማው ጣሪያና መንገድ ተጠራቅሞ የሚወርደው ጎርፍ በወጉ ቦይ ካልተበጀለት የሚቦረቡረው ከታች ያለውን ማሳ ነው። ከከተማው ዳርቻ የሚደፋ ቆሻሻም ዝናብ ሲመጣ የሚወርደው ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ነው።

ለዚህ መለያየት የቆየ ምክንያት አለው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ገበሬውን ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ክልል በገበሬ ማኅበር አደራጀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማውን ነዋሪ በራሱ ማኅበር አሰባሰበ። ሁለቱም አዋጆች የባለመሬቱንና የባለቤቱን ጭነት ከሕዝቡ ትከሻ ቢያወርዱም፣ ገጠሩንና ከተማውን በየራሱ አጥር አስቀመጡ። ያ ሥርዓት ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሕግ ስሙ የገጠር ቀበሌ የተባለው አካል በሰው አፍ አሁንም ገበሬ ማኅበር እንደሚባል ሁሉ፣ አጥሩም በአስተሳሰብ ውስጥ ቆሟል።

አጥሩ ግን የግድ አይደለም። ከ7,600 በላይ ደሴቶች ያሏትን ፊሊፒንስን መመልከት ይቻላል። በዚያች አገር የአንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የሚያስተዳድረው መንገዱንና ገበያውን ብቻ አይደለም፤ ባራንጋይ የሚባሉት የገጠር ቀበሌዎችም በሥሩ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ መሠረት ከዳርቻው እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለው ባሕርም በማዘጋጃ ቤቱ ሥልጣን ውስጥ ነው። የቀበሌ መሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር በሹመቱ የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት አባል ይሆናል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግም ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች ጭምር፣ ስለ ባሕሩ አጠባበቅ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የሚመክሩበትን ጉባኤ አቋቁሟል። ጉባኤው የሚመክር እንጂ የሚወስን ባይሆንም፣ ከባሕሩ የሚኖር ሰው ስለ ባሕሩ ሳይጠየቅ አይታለፍም። ለጋይንትና ለስማዳ ገበሬ ባሕሩ ገበያው፣ ምንጩና ተዳፋቱ ነው።

«ገበሬው በወረዳ ምክር ቤት ተወክሏል፤ የማዘጋጃ ቤቱም ገቢ ትንሽ ነው» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ስለ መላው ወረዳ የሚመክር ጉባኤ ስለ አንድ የገበያ ቦይ ለመነጋገር ጊዜ አይተርፈውም። ገቢው ትንሽ ከሆነም በምስጢር ሊያዝ ሳይሆን በግልጽ ሊመከርበት ይገባል። ቀረጡ ለምን እንደዋለ በዓይኑ ያየ ገበሬ ሳያጉረመርም ይከፍላል።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ቅሬታ ከማሰማት አልፈው ተግባር ላይ መሰለፍ ይጠበቅባቸዋል። በአንድ ገበያ የሚገናኙ ማኅበራት ሁሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጠው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ቋሚ የምክክር ቀን እንዲያዝላቸው በጽሑፍ ይጠይቁ። የገበያው ገቢና ወጪ በየሦስት ወሩ በገበያው በር እንዲለጠፍ፣ ከገቢውም የተወሰነው ክፍል ለውሃ፣ ለመጸዳጃና ለመጠለያ እንዲመደብ ያሳስቡ። የጎርፍ መውረጃና የቆሻሻ መጣያ ከመወሰኑ በፊትም ከበታች ያለው ማኅበር እንዲጠየቅ ይጠይቁ።

በአንጻሩ ገበሬውም ግዴታ አለበት። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የጋይንትና የስማዳ ገበሬ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሠርቷል። ከከተማ በላይ ያለው እርከን ሲፈርስና ልቅ ግጦሽ ሲገባበት ምንጩ የሚነጥፈው በከተማውም ላይ ነው። ወንበር የሚጠይቅ ማኅበር እርከኑን ጠብቆ መገኘት አለበት። ከተማው ውሃውን፣ ገበሬው ገበያውን ከሌላው እጅ የሚያገኙ ከሆነ፣ ምክሩም የጋራ ሊሆን ይገባል።