አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ ስንት ብር መጨመር ያዋጣል?

በመርካቶ የጅምላ መደብሮችም ሆነ በቦሌ መንገድ ፎቆች ላይ በሚገኙ የአስመጪና ላኪ ቢሮዎች፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ኮምፒዩተሩን አብርታ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ማሽኑ ገና ሲያጉረመርም ማግኘቷ የተለመደ ነው። ባለንብረቱ አቤቱታው ሲደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "እስኪሞት ድረስ ይሥራ" ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ተናዶ ይወጣና ሙሉ ኮምፒዩተር ገዝቶ ይመለሳል። ሰሊጥ ሲገዛ በኪሎ ሳንቲም የሚከራከር ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ እርሳስና ወረቀት ሳያነሳ መወሰኑ የሚገርም ነው።

ሒሳቡ ግን መሠራት አለበት፤ በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። ኮምፒዩተርና መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር ደንብ ለኮምፒዩተር በቀጥተኛ የእርጅና ተቀናሽ ዘዴ በዓመት 20 በመቶ አስቀምጧል። ይህም ማለት አምስት ዓመት የሞላው ማሽን በመዝገብ ላይ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ነገር ግን ተቀናሹ የሚሰላው ዕቃው በተገዛበት የድሮ ብር ሲሆን ምትኩ የሚገዛው በዛሬው ብር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከግብር ላይ የተቀነሰው ገንዘብ ቢጠራቀም እንኳ አዲሱን ማሽን አይገዛም። ስለዚህ "መዝገቡ ዜሮ ስላለው ይለወጥ" የሚለው የሒሳብ ባለሙያዎች ልማድ ለባለገንዘቡ አይበጅም።

ለመሆኑ ኮምፒዩተሩ የሚዘገየው ምኑ ጋ ነው? ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ ታስክ ማናጀር የሚባለው ሰሌዳ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ እያንዳንዳቸው በመቶኛ ስንት እየሠሩ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ማሽኑ ፈዝዞ ባለበት ሰዓት ሰሌዳው ይከፈት። ፕሮሰሰሩ 15 በመቶ ላይ ተኝቶ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ችግሩ የተገኘው እዚያው ነው፤ በአሮጌ የቢሮ ማሽኖች ዘንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይኸው ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በሞተር የሚሽከረከር ሳህንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ ያለው ዕቃ በመሆኑ በሴኮንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ መቶ ገደማ ብቻ ነው። ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ያስተናግዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ፣ ፒችትሪ ሲከፈት፣ የዓመት ሪፖርት ሲወጣ ማሽኑ የሚጠይቀው ይህንኑ የተበታተነ ንባብ ነው። በቀን 20 ደቂቃ በመጠበቅ የምታጠፋ ሠራተኛ በወር 26 የሥራ ቀን ብትገባ 520 ደቂቃ ያልፋታል። ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። ደመወዟ ግን አይቀነስም፤ የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነጋዴ በቀላሉ የሚገባው ነው። በአሮጌ ማሽን ላይ የሚጨመር ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማሽኑ ሲሞት ወደ ተተኪው የሚዛወር ሲሆን ሌላው ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የሚቀበር ነው። ሳታ በሚባለው ገመድ የሚሠራው ባለ ሁለት ተኩል ኢንች ኤስ.ኤስ.ዲ፣ ሞኒተሩና ዩ.ፒ.ኤስ. ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ዛሬ ተገዝተው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ማሽን ላይ ይሠራሉ። ፕሮሰሰር ግን በተሠራለት መቀመጫ ላይ ካልሆነ አይገባም። ኢንቴል የስድስተኛውንና የስምንተኛውን ትውልድ መቀመጫ በአንድ ስም ቢጠራቸውም የአንዱ ፕሮሰሰር በሌላው ቦርድ ላይ አይሠራም። ራምም ቢሆን ዲ.ዲ.አር.3፣ 4 እና 5 የየራሳቸው ቁርጥ ስላላቸው አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ስለዚህ የ2013ቱን (እ.ኤ.አ.) ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ለያዘ ቢሮ ኤስ.ኤስ.ዲ መግዛት ገንዘብን ማስቀመጥ ነው፤ ለዚያው ማሽን የተሻለ ፕሮሰሰር ማፈላለግ ግን ሊፈርስ የታቀደ ቤት ቀለም መቀባት ነው።

ራምን በተመለከተ አሁን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓለምን የራም ቺፕ ገበያ በአብዛኛው የያዙት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን የሚባሉ ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። ከ2025 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ምርቱን መሻማት በመጀመራቸው ዋጋው ወደ ላይ ተተኩሷል። ማይክሮን እንዲያውም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ ሲሸጥ የኖረውን ንግድ እንደሚዘጋ አስታውቋል። አዲስ አበባ ያለው ቸርቻሪ ያን ዋጋ ሲጨምርበት ከኪሱ አምጥቶ አይደለም። እንግዲህ ጎረቤት ባለሱቅ 16 ጊጋባይት ስላስገባ ብቻ ማስገባት ተገቢ አይደለም። በሥራ መሐል ሰሌዳው ላይ የራሙ መሥመር ከ80 በመቶ በታች ከሆነ 8 ጊጋባይቱ ይበቃል። 4 ጊጋባይት ይዞ ለሚንገዳገድ ማሽን ግን ያገለገለ አንድ ፍሬ መጨመር የሚያስነቅፍ ወጪ አይደለም።

ሌላው የማይታለፍ ወሰን ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ድርጅቶች በየዓመቱ በእጥፍ እየጨመረ በሚሄድ ክፍያ እስከ ሦስት ዓመት ጥበቃ መግዛት እንዲችሉ መንገድ ቢከፈትም በሁለተኛው ዓመት ላይ ክፍያው ያገለገለ ማሽን ዋጋን መጠጋት ይጀምራል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ሲሆን ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ጥገና ቤቶች ፍተሻውን ዘለው በአሮጌ ማሽን ላይ ሲጭኑት ይታያል። ይሠራል፤ ነገር ግን ኩባንያው ለዚያ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። የባንክ ሒሳቡን በኢንተርኔት የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ገንዘቡን ማዘዙ አያስመሰግነውም። በአንጻሩ ከኢንተርኔት ተነጥሎ የመጋዘን መዝገብ ብቻ የሚይዝ ማሽን በዊንዶውስ 10 ላይ ዓመታት ቢቆይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በየቀኑ የሰው ፍላሽ የማይሰካበት ከሆነ ማለት ነው። (ይህ ቅድመ ሁኔታ በአገራችን ቢሮዎች ምን ያህል እንደሚጠበቅ አንባቢ ይፍረድ።)

ስለዚህ ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆነ ማሽን ኤስ.ኤስ.ዲ ይገባለት፣ ከዚያ በላይ ግን ባይወጣበት ይመረጣል። ጠቅላላው የማሻሻያ ወጪ የተተኪውን ያገለገለ ማሽን ዋጋ አንድ ሦስተኛ ካለፈ ሒሳቡን ዘግቶ ወደ ገበያ መውጣት ይሻላል።

ገበያው ላይ ደግሞ "ኮር አይ 7 ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ ዕቃ ሸጧል። ገዢው ማየት ያለበት ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው። አይ5-4590 አራተኛው ትውልድ፣ አይ5-8500 ስምንተኛው ትውልድ ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አይ7-2600 ስሙ ቢገዝፍም በአይ3-8100 ይበለጣል። ከኤችፒ ፕሮዴስክ 600 መካከልም ጂ1 የተባለው አራተኛው ትውልድ ሲሆን ጂ4 ስምንተኛው ነው፤ ከፊት ለፊት ሲታዩ ግን ዘመድ ስለሚመስሉ በአንድ ዋጋ ሊቀርቡ ይችላሉ። ትንንሾቹን ቀጫጭን ማሽኖች የሚገዛ ሰው ፓወር ሰፕላያቸው ቢቃጠል ከየትም አንስቶ እንደማይተካው ይወቅ፤ ዴል በብዙዎቹ ላይ የራሱን የተለየ ሶኬት ስለሚጠቀም ተራው ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከፕሮሰሰር በፊት ዩ.ፒ.ኤስ. የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ ሲገዛም ከገበያው በግልጽ የረከሰ ባለ ትልቅ መጠን ዕቃ ያጠራጥር። መጠኑን አጋኖ የሚናገር አስመስሎ የተሠራ ዲስክ በዓለም ገበያ ሲዘዋወር ከርሟል። የሚታወቀውም ፋይል ሞልቶበት መጥፋት ሲጀምር ነው። ያገለገለ ከሆነ ሻጩ እዚያው ሰክቶ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን መዝገብ ይክፈት፤ አልከፍትም ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ዲስኩ ከመለወጡ በፊት የፒችትሪው ፋይል ሁለት ቦታ መቀዳቱና በሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ መታየቱ ግዴታ ነው። አሮጌው ዲስክ ደግሞ ለጠጋኙ በጉርሻ መልክ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። "ዲሊት" የተደረገ ፋይል በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይነበባል፤ በውስጡ የደንበኞች ዝርዝር፣ የዱቤ መዝገብና ዕቃው ከውጭ የገባበት ዋጋ ተቀምጧል። በመሳቢያ ተቆልፎበት ይቀመጥ፣ ወይም ሳህኑ በመሰርሰሪያ ይበሳ።