የሚሸጥ ሥልጣን፦ ንጉሥ ያልነበረው የአይስላንድ ሕግ እንዴት ተዳከመ?

መብትም ንብረትም ቅጣትም ከግለሰብ ይነሳሉ የሚሉ ሊበርታሪያን የሕግ አሳቢዎች አንድ የሚወዱት አገር አላቸው፤ ከፈረሰ ግን ከሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ከ930 እስከ 1262 የቆየችው አይስላንድ ንጉሥ አልነበራትም። የጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግም አልነበራትም። ሕግና ፍርድ ቤት ግን ነበሯት። አሜሪካዊው ዴቪድ ፍሪድማን በ1979 ባሳተመው ጥናት ይህችን ደሴት ለክርክሩ ምስክር አድርጎ አቆማት። እንደ እርሱ አባባል ሕግ ለማስከበር መንግሥት የግድ አያስፈልግም፤ የተበደለ ሰው ክስ የገዛ ንብረቱ ከሆነ ወይ ራሱ ያስከብረዋል፣ ወይ አቅም ላለው ያስተላልፈዋል።

ምስክሯ ግን መጨረሻዋ አላማረም። ሥርዓቱ የፈረሰው በምን ምክንያት ነው የሚለው ጥያቄ ከታሪክ ጉጉት ያለፈ ነው፤ የንድፈ ሐሳቡ ጥንካሬና ድካም ተለይቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

መጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ሰው የገደለ ከመንግሥት ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ከሳሹ ባለ ደሙ ነው፤ ካሳውም የእርሱ ነው። ጉማንና የደም ካሳን የሚያውቅ የእኛ አንባቢ እዚህ ድረስ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩ የሚሆነው ክሱ ራሱ ሊተላለፍ መቻሉ ነው። ወንድሙ የተገደለበት ደካማ ገበሬ ክሱን ለጉልበተኛ ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ይከሳል፣ ካሳውንም ይወስዳል ወይም ያካፍላል። ድሃው የሚደርሰው ጥቂት ቢሆንም ገዳዩ ግን ድሃ ስለገደለ አያመልጥም። ፍርድ አልቀበልም ያለ ከሕግ ጥላ ውጭ ይደረጋል፤ እርሱን የገደለ አይጠየቅም፣ ያስጠጋው ግን ይጠየቃል።

ራንዲ ባርኔት በ1977 የወንጀል ፍትሕ ከቅጣት ይልቅ በካሳ ላይ ይቁም ብሎ ሲጽፍ፣ መሬይ ሮትባርድም በ1982 ወንጀለኛ መብቱን የሚያጣው የሌላውን በነጠቀበት መጠን ነው፣ ማስከፈሉም መማሩም የተበዳዩ ፈንታ ነው ሲል፣ ሁለቱም የሚናገሩት አይስላንዳውያን ለሦስት መቶ ዓመት ስለኖሩበት ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ሥርዓቱ በደህና ዘመኑ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር አንድ ጉዳይ ያሳያል። በ1180 ገደማ በአንድ የውርስ ክርክር መካከል የአንዱ ተከራካሪ ሚስት ስቱርላ የተባለውን ባለሥልጣን ፊቱን በቢላ ወጋችው። ስቱርላ ካሳውን ራሱ እንዲቆርጥ ቢፈቀድለት ባላጋራውን ባዶ የሚያስቀር ገንዘብ ጠየቀ። በአገሩ እጅግ የሚከበረው ዮን ሎፍትሶን ገብቶ ካሳውን ዝቅ አደረገ። ስቱርላ ቂም እንዳይዝም ትንሹን ልጁን ወስዶ ሊያሳድግለት ቃል ገባ። በዚያ ዘመን ከራስ በላይ የሆነ ሰው ልጅን ወስዶ ማሳደጉ ለአባት ትልቅ ክብር ነበር። ሕፃኑ ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው፤ ኋላ የኖርዌይን ነገሥታት ታሪክ የጻፈው፣ የሥርዓቱም መጨረሻ ከስሙ ጋር የተቆራኘው ሰው። ካሳው ደም ሳይፈስ ነገሩን ዘጋው፤ ያለ አንድ ወታደር።

የዚህ ሁሉ ማዕከል ጎዲ የሚባለው አለቃ ነው። ጎዲዎቹ መጀመሪያ 36፣ ኋላ 39 ነበሩ፤ ዳኞችን የሚሰይሙትም እነርሱ ናቸው። ጎዲ እንደ ባላባት ወሰን ያለው ግዛት አልነበረውም። ገበሬው የፈለገውን ጎዲ ይከተላል፤ ካልተስማማው ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል። አለቃው ተከታዩን በፍርድ ቤት ካላገዘው ያጣዋል። ሊበርታሪያኖቹን የሚማርካቸው ይህ ነው፤ የእውነትም ያማረ አሠራር ነው። ግን ጎዲነቱ ራሱ የግል ሀብት ነበር። ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ በጥሎሽ ይሰጣል፣ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላል።

ታዲያ ምን አበላሸው? ከሊበርታሪያኖቹ ወገን የሚሰማው መልስ አሥራት ነው። በ1097 በጳጳሱ በጊዙር ኢስሌይፍሶን ጊዜ አልቲንግ የተባለው አገር አቀፍ ጉባኤ በንብረት ላይ በዓመት አንድ ከመቶ የሚሆን አሥራት ደነገገ። ገንዘቡ ለአራት ይከፈላል፦ ለጳጳሱ፣ ለድሆች፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃና ለቄሱ። አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን በአለቆችና በሀብታሞች ርስት ላይ የተሠራ የግል ይዞታ ስለነበር የኋለኞቹ ሁለት ድርሻዎች ወደ ባለቤቱ ጎተራ ገቡ። ስለዚህ አለቃው ከተከታዩ ፈቃድ ነጻ የሆነ ገቢ አገኘ፤ ግብር ነውና ነጻነትን ያጠፋው ግብር ነው ይላሉ።

ግማሹ እውነት ነው። ተከታይ ጥሎ ቢሄድ የማይነጥፍ ገቢ ያለው አለቃ ተከታይን መለማመጥ ይተዋል። ግን አሥራቱን ማን ደነገገው? ከውጭ የመጣ ንጉሥ አልጣለውም። በአልቲንግ ድምፅ የነበራቸው ጎዲዎቹ ናቸው፤ ለራሳቸው ኪስ የደነገጉት የሥልጣን ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። አሥራት የበሽታው ምልክት እንጂ መነሻው አይደለም።

መነሻውን ያ የአሥራት ሕግ ሳያስበው ነግሮናል። የሚከፈልበትን ሀብት ሲዘረዝር ጎዲነትን ከዝርዝሩ አወጣው፤ ሥልጣን እንጂ ገንዘብ አይደለምና። ሕጉ ገንዘብ አይደለም ያለውን ሰዎቹ እንደ ገንዘብ ይሸጡትና ይገዙት ነበር። እኔ እንደማየው አይስላንድ የወደቀችው በዚህ ክፍተት ነው። ክስ የግል በመሆኑ፣ ቅጣትም ካሳ በመሆኑ የመጣ ውድቀት አይደለም። ካሳውን የሚያስከፍለው ጉልበት ራሱ ገበያ ላይ ወጥቶ ጥቂት እጆች ሰበሰቡት።

በ1220ዎቹ አብዛኛው ጎዲነት በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ተጠቃሎ ነበር። ስኖሪም ሀብታም ሴት አገባ፣ ርስት ወረሰ፣ የበርካታ ጎዲነቶች ድርሻ በእጁ ገባ፣ ሁለት ጊዜም ሕግ ተናጋሪ፣ ማለትም በአልቲንግ የአገሩን ሕግ የሚያሰማ ሹም ሆነ። አለቃውን መቀየር የሚፈልግ ገበሬ ወደማን ይሂድ? ጎረቤት ያለው ጎዲ የዚያው ቤት አጎት ወይም አማች ነው። ክሱን የሚሰጠው ድሃም ተቀባዩ አንድ ሲሆን በተሰጠው ያድራል።

ሮበርት ኖዚክ በ1974 ተፎካካሪ የጥበቃ ድርጅቶች ቢኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ገናና ሆኖ ቀስ በቀስ መንግሥት ይሆናል፣ ይህም የማንንም መብት ሳይጥስ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። በዚያው መጽሐፉ ንብረት በትክክል ተገኝቶ በትክክል ከተላለፈ ውጤቱ ምንም ይሁን ትክክል ነው ይላል። በአይስላንድ ጎዲነት ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ አብዛኛው ዝውውር ይህን ፈተና ያልፋል፦ ጋብቻ ነው፣ ውርስ ነው፣ ስጦታ ነው። ድምሩ ግን ገበሬውን ያለ ምርጫ አስቀረው። ሮትባርድ ሰው ፈቃዱን ሸጦ ባሪያ ሊሆን አይችልም ሲል የማይሸጥ ነገር እንዳለ አምኗል። የመፍረድና የማስፈጸም ሥልጣን ከዚያ ወገን ነው ወይ ተብሎ አለመጠየቁ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደም ነው። በ1241 ስኖሪን በገዛ ቤቱ ያስገደለው የቀድሞ አማቹ ጊዙር ቶርቫልድሶን ነበር፤ ጀርባውም የኖርዌዩ ንጉሥ ሃኮን ነበር። በ1253 ጊዙር ደም ለማድረቅ ልጁን ከስቱርላ ዘሮች ወገን ዳረ፤ በእኛም አገር የሚታወቅ ዘዴ ነው። ሠርገኛው ሳይበተን ጠላቶቹ መጥተው ፍሉጉሚሪ ያለውን ቤቱን በእሳት አጋዩት። ሚስቱና ልጆቹ አለቁ፤ እርሱ አጓት በሞላበት በርሜል ውስጥ ተደብቆ ተረፈ። ሽምግልና፣ ካሳ፣ ጋብቻ ሁሉም አሁንም ነበሩ፤ አስገዳጅ ግን አልነበራቸውም።

ፍሪድማን በዚያ የመጨረሻ ሃምሳ ዓመት እንኳ የሟቾች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በእርሱ ዘመን አሜሪካ ከነበረው የነፍስ ግድያ መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው ብሎ ይሞግታል። ስሌቱን አልነቅፍም፤ መለኪያውን እንጂ። ሥርዓቱ የቆመው በዳይን ማስከፈል በመቻሉ ነበር። የሟች ቁጥር ያ ችሎታ መጥፋቱን አያሳይም።

ሃኮን አይስላንድን በጦር አልያዛትም። ስኖሪ የንጉሡ ባለሟል ሳለ ከዳኝ በሚል ሀብቱንና ጎዲነቱን የእኔ ነው አለ፤ ሌሎች አለቆችም ድርሻቸውን አስተላለፉለት። በባለቤቶች መካከል ሌላ ባለቤት ሆኖ ገባ፤ ሥልጣን የሚተላለፍ ሀብት ነበርና የአገሩ ሕግ የሚያግደው ነገር አልነበረም። ከ1262 እስከ 1264 ገበሬዎቹ በየጉባኤያቸው ግብር ሊከፍሉ ቃል ገቡ፤ በምላሹ ሰላምና ከኖርዌይ የሚመጡ ስድስት መርከቦችን ጠየቁ። በ1271 እና በ1281 አዳዲስ ሕጎች መጡ፤ የባለ ደሙ ብቻ በነበረው ካሳ ላይም ንጉሡ የራሱን ድርሻ ጨመረበት።