ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ሥራው ግን የባለቤቱ ነው

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ዕዳ አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሳስተምር፣ ሰሌዳው ላይ «ፕራግ 1968» ብዬ ጻፍኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቼኮዝሎቫኪያን ፕሬዚዳንት ሉድቪክ ስቮቦዳን ስጠራ ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ስሙ ትርጉም አለው?» አለኝ። «ይሄ ለፈተና አይመጣም» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ልናገር? አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ስላፈርኩ ነው ልጁን ዝም ያሰኘሁት።

ትርጉም አለው። ስቮቦዳ ማለት በቼክ ቋንቋ ነፃነት ማለት ነው። ቼኮች ጋ በጣም ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች አንዱ ነው። ድሮ የሚጠራበት ሰው ለጌታ የማይገብር፣ የራሱ መሬት ያለው ገበሬ ነበር። ጭሰኛ ያልሆነ እንደምንለው መሆኑ ነው። ከዚያ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ዛሬ ደርሷል።

እንግዲህ ሰውየውን እዩት። ነሐሴ 1968 የሶቪየትና የአጋሮቿ ታንኮች በሌሊት ድንበር ጥሰው ገቡ። አዛውንቱ ጄኔራል ስቮቦዳ ለወራሪዎቹ የሚመች መንግሥት አልሾምም አሉ። ሞስኮ ድረስ ሄደውም ተይዘው የተወሰዱት እነ ዱብቼክ ወደ ድርድሩ እንዲመጡ ጠየቁ። እስከዚህ ድረስ ስማቸውን መሰሉ። በመጨረሻ ግን የሞስኮው ስምምነት ተፈረመ፤ እሳቸውም ፈረሙ። የሶቪየት ጦር እስከ 1991 ከሀገሪቱ አልወጣም። እሳቸው ደግሞ የተጀመረው ለውጥ ሁሉ አንድ በአንድ ሲፈርስ እስከ 1975 ፕሬዚዳንት ሆነው ቀጠሉ።

ከዚያ ሁሉ ልዑክ ውስጥ አልፈርምም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፦ ዶክተር ፍራንቲሼክ ክሪገል። የእሱ ስም ነፃነት አይደለም። ሥራው ግን ነበር።

ስቮቦዳዎች ግን አንድ ብቻ አይደሉም። ፔትር ስቮቦዳ የሚባል የቀድሞ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች አለ። በ1984፣ በ18 ዓመቱ፣ ስሙን ፍለጋ በሉት፣ ከሀገሩ ኮብልሎ ወጣ። በ1998 የናጋኖ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ ቼክ ሩሲያን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ያቺን አንዲት ጎል ያገባው እሱ ነው። ታንኩን ያዩ ሰዎች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው አስቡት እስቲ! ዮሴፍ ስቮቦዳ የሚባል ስመ ጥር የመድረክ ዲዛይነርም ነበር። ላተርና ማጊካ የተባለውን ቴአትር ከፈጠሩት አንዱ ነው። በኅዳር 1989 እነ ቫክላቭ ሃቬል አገዛዙን ያንበረከኩበትን ትግል የመሩት እዚያው ቴአትር ቤት ተሰብስበው ነው።

ምን ለማለት ነው? እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ልጆቻችንን ነፃነት፣ ሰላም፣ ፍትህ እንላቸዋለን። ጠዋት ስም ስጠራ «ሰላም?» ብዬ «የለችም!» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን ሆዴን ቆረጥ ያደርገኛል።

የኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ስም ስጦታ አይደለም፣ የቤት ሥራ ነው። ለልጅ ነፃነት የሚል ስም አውጥተን ሲያድግ «ዝም በል» የምንለው ከሆነ የልደት ካርዱ ላይ ቀለም ነው ያባከንነው። ነፃነት መጀመሪያ የሚለመደው ቤትና ክፍል ውስጥ ነው፣ ጥያቄ በመጠየቅ። እኔ ያን ቀን ያደረግኩት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ሽማግሌው ሌላ ምን ያድርጉ? ደም እንዳይፈስ ብለው ነው» ትሉኛላችሁ። ሊሆን ይችላል፤ ታንክ በር ላይ ቆሞ መፍረድ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ታንክም አልነበረብኝ። ከፊቴ የነበረው የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ፈርቼ አለፍኩት።

ያ ተማሪ ይህን ካነበብክ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር፣ ይቅርታ። መልሱ «ነፃነት» ነው። ለፈተና ላይመጣ ይችላል፤ ለኑሮ ግን ይመጣል።

እናንተስ ስማችሁን ምን ያህል ትመስላላችሁ? የስማችሁን ትርጉምና ያወጣላችሁን ሰው ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። መልካም ምሽት!