የሰማይዋ ላምና የእኛ አንባቢዎች



ነገርን ነገር ያነሣዋልና የዚህን ጽሑፍ አመጣጥ አስቀድመን እንናገር። እኛ በኮልፌ ቀራኒዮ በዓለም ባንክ ሠፈር የምንኖር፣ ማታ ማታ ከሜክሲኮ በጦር ኃይሎች በኩል በአንድ ታክሲ ተጨናንቀን የምንመለስ ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ሁለቱ በተከራዩት ሰርቪስ ቤት ጥግ አንድ የማካሮኒ ካርቶን ተቀምጧል። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት የማንም አይደሉም፤ የሁላችንም ናቸው። ያነበበ ይመልሳል፤ ያላነበበ ይወስዳል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከጓደኞቻችን አንዱ ተነሥቶ «ካርቶኑ ሞልቷል፤ የትምህርት መጻሕፍት ማስቀመጫ አጥተናል፤ ስለዚህ እነዚህ የጠፈርና የሌላ ዓለም ቅዠቶች ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ይሰጡ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ ክርክሩ አልበረደም። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። በሐሳቡ ያልተስማማነው ወገኖች ምክንያታችንን በዚህች ገጽ ለመግለጽ ወደድን፤ ነገሩ የአንድ ካርቶን ነገር ብቻ አይመስለንምና።

የክርክሩ መነሻ በአማርኛ «ጨለማው መስተዋት» ልንለው የምንችል አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ዳያን ዱዌን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ሲሆን፣ «ስታር ትሬክ» በተባለው የታወቀ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1967 ከታየ አንድ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል አራት የጠፈር መርከብ ባልደረቦች በማዕበል ሰበብ ወደ ትይዩ ዓለም ይሻገራሉ። እዚያም የራሳቸውን መርከብና የገዛ ጓደኞቻቸውን መልክ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ያ ዓለም በሽብር የሚገዛ ነው፤ ሹመት የሚገኘውም አለቃን በመግደል ነው። ወይዘሮ ዱዌን ይህን ዓለም ወስደው በኋለኛው ዘመን ከሚኖረው ከካፒቴን ፒካርድ ጋር አገናኙት። በመጽሐፉ ውስጥ የጨካኙ ዓለም ሰዎች የፒካርድን መርከብ ወደ ራሳቸው ዓለም ስበው፣ በእርሷ ቦታ የራሳቸውን መርከብ ሊልኩ ያሤራሉ። አንድ ቀልደኛ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፣ «የዓለማት ባንክ እኛ ሠፈር ሳለ ካፒቴኑ ሌላ ቦታ ምን አንከራተተው?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ከሣቁ በኋላ የተሰጡት አስተያየቶች ሦስት ናቸው። ተራ በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ይህ መጽሐፍ የቴሌቪዥን የእንጀራ ልጅ ነው። ደራሲዋ መርከቧን አልፈጠሩም፤ ካፒቴኑን አልፈጠሩም፤ ሌላው ዓለም እንኳ የተበደሩት ነው። የተጻፈውም ለገበያ ነው።» በዚህ አባባል ውስጥ እውነት አለ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚታተመው በተከታታዩ ድርሰት ባለቤቶች ፈቃድ ነው። ደራሲው ዋናውን ሰው እንዳሻው ሊገድለው አይችልም፤ ነገ የሚታየው ክፍል እንዳይፋለስ፣ ታሪኩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ይሁን እንጂ መበደር ነውር ከሆነ ትዝታን የሚያንጎራጉር ሁሉ ነውረኛ ነው ማለት ነው። ዜማውን እርሱ አልፈጠረውም፤ ከእርሱ በፊት ስንቱ አልቅሶበታል። እኛ ግን «ቅኝቱ የማን ነው?» ብለን አንጠይቀውም፤ በቅኝቱ የሚለውን ቃል እናዳምጣለን። ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚሥል ሠዓሊም ፈረሱንና ዘንዶውን ከአባቶቹ ተቀብሏል፤ የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም በእጁ ሥራ ነው። ሼክስፒር ራሱ የ«ኦቴሎ»ን ታሪክ ያገኘው ከአንድ ኢጣሊያዊ ጸሐፊ ነው። ስለዚህ መጽሐፍን በትውልዱ ሳይሆን በምግባሩ እንመዝነው እንላለን።

ሁለተኛውን አስተያየት ያቀረበው የፊዚክስ ተማሪ የሆነው ወንድማችን ነው። እርሱም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ምሳሌ ጠቅሶ ካበቃ በኋላ ሳይንሱን አስረዳን። ሂዩ ኤቨሬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች በሚለኩበት ጊዜ ሊሆን የሚችለው ውጤት ሁሉ ይሆናል፣ እያንዳንዱ ውጤት ግን በየራሱ ቅርንጫፍ ነው ወደሚል መደምደሚያ የሚያደርስ ሐሳብ ሰንዝሯል። የብዙ ዓለማት ትርጓሜ የሚባለው ይኸው ነው። «ነገር ግን» አለ ወንድማችን፣ «ቅርንጫፎቹ አንድ ጊዜ ከተለያዩ ወዲያ ማዶ ለማዶ መሻገሪያ የለም። መርከብ ቀርቶ ደብዳቤም አይላክ። ንድፈ ሐሳቡ ራሱ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። ስለዚህ መጽሐፉ ሐሰት ነው።»

በፊዚክሱ እጃችንን ሰጥተናል። በፍርዱ ግን አልሰጠንም። ሊሆን የማይችል ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ ይውጣ ከተባለ «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን የተቀበልናቸው አንበሳና ቀበሮ አስቀድመው መባረር አለባቸው፤ እነርሱም በሰው አንደበት ሲከራከሩ ኖረዋልና። ከዚህም በላይ ከአጠገባችን ሌላ ዓለም አለ የሚለው ሐሳብ ለዚህ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም። በገዳማቱ አካባቢ በዓይን ሳይታዩ ይኖራሉ ስለሚባሉት ስውራን አያቶቻችን ነግረውናል፤ ስለ ብሔረ ሕያዋንም ሰምተናል። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክም አንባቢውን እስከ ምድርና ሰማይ ዳርቻ ይዞት ይጓዛል። እምነትንና ልብ ወለድን አንድ አድርገን መቁጠራችን አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የምንለው፣ ይህን ዓይነት ታሪክ «የፈረንጅ ቅዠት» ብሎ መግፋት የራስን ቤት አለማወቅ ነው።

ሦስተኛው አስተያየት የአንዲት እኅታችን ነው፤ ከሁሉም የከበደን እርሱ ነበር። «የቤት ኪራይ ይጨምራል፤ የታክሲ ሰልፉ አያልቅም፤ ከመካከላችን ምሳ የሚዘል አለ። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ የሌላ ዓለም ካፒቴን ጭንቀት ምን አገባን? ይህ ንባብ ሳይሆን ሽሽት ነው» አለችን። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘነው ከመጽሐፉ ከራሱ ነው።

ካፒቴን ፒካርድ በጠላቱ መርከብ ውስጥ ተሸሽጎ፣ በመልክ እርሱን በሚመስለው በጨካኙ ካፒቴን ክፍል ውስጥ መጻሕፍቱን ይመለከታል። ሼክስፒርን ያገኛል፤ የደራሲው ስም ያው ነው፤ አርእስቱም ያው ነው። «የቬኒስ ነጋዴ»ን ገልጦ በፍርድ ቤቱ ትዕይንት ፖርሺያ ስለ ምሕረት የምትናገርበትን ቦታ ሲያነብ ግን ንግግሩ ተለውጧል። ምሕረት ከዚያ ጠፍታለች። ካፒቴኑ ምን ዓይነት አገር እንደ ገባ ጠንቅቆ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ መሣሪያም ግድያም ሞልቷል፤ እኛን ያስደነገጠን ግን ይህ መደርደሪያ ነው።

ይህን ክፍል ጮክ ብለን ካነበብን በኋላ ዓይናችን ወደ ካርቶኑ ሄደ። በትይዩዋ አዲስ አበባ፣ በትይዩው ዓለም ባንክ፣ እንዲህ ባለ ሰርቪስ ቤት ጥግ የተቀመጠው ካርቶን በውስጡ ምን ይዟል? በእኛ ካርቶን የአቶ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ። በ1975 ዓ.ም ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። በዚያኛው ካርቶን ግን ምናልባት ያን ማታ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ከ«ኦሮማይ» በኋላ የጻፏቸው መጻሕፍትም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። እኛ የእነዚያን መጻሕፍት አርእስት እንኳ አናውቅም። በእኛ ካርቶን የአቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» አለ። በ1955 ዓ.ም የወጣ፣ በእናቱ ማሕፀን ሆኖ «አልወለድም» እያለ የሚከራከር ፅንስ ታሪክ ነው፤ የፊዚክስ ወንድማችን ይህም ሊሆን አይችልም ይበለን እንደ ሆነ አናውቅም። እርሱም ታግዶ ነበር። ሦስተኛ ካርቶን ደግሞ እናስብ። በዚያ ዓለም እነዚህ መጻሕፍት በተሰበሰቡ ጊዜ አንድ ቅጂ እንኳ የደበቀ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህም ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እኛ የምንኖረው በሁለቱ መካከል ነው። ደራሲውን ያጣን፣ መጽሐፉን ግን ያላጣን ነን፤ መጽሐፉም የተረፈልን ከእጅ ወደ እጅ ደብቀው ያሳለፉት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እንግዲህ የሌላው ዓለም ካፒቴን ወደ ራሳችን ቤት መለሰን እንጂ ከቤታችን አላሸሸንም። ይህን ስንላት እኅታችን ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ይህ ስለ አንዱ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ሌሎቹስ?» ስትል ጠየቀች።

ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ሁሉንም በጅምላ ልናመሰግን አልተነሣንም። የራሳችንን አገር መጽሐፍ ለምሳሌ እንውሰድ። አቶ ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም «ዴርቶጋዳ»ን ሲያሳትሙ መጽሐፉ በወጣቶች እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተገላበጠ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። በጣና ገዳማት ዙሪያ የረቀቀ ሳይንስ የተሰወረባትን ሌላ ኢትዮጵያ የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው። በውስጡ ያለውን የጠፈር ሊቅ ኢንጂነር ሻጊዝን ብዙ አንባቢ የሚያያይዘው በእውን ከነበሩት ከኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር ነው፤ እርሳቸውም ቦንጋ ተወልደው፣ በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ተምረው፣ በአሜሪካ በጠፈር ምሕንድስና ሥራ ስማቸው የተጠራ፣ በ1998 ዓ.ም ያረፉ ሰው ነበሩ። በዚህም መጽሐፍ ላይ «የተጋነነ ነው»፣ «ሊሆን አይችልም»፣ «ከረኀባችን ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉ አስተያየቶች ተሰምተዋል። ልብ በሉ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ወደ ሰማይ ወጣች፤ መረጃዋንም የሚቀበለው ጣቢያ በእንጦጦ ተተከለ። ልብ ወለዱ ሳተላይቷን አመጠቀ አንልም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊን ከጠፈር ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የለመደ ወጣት ወሬውን ሲሰማ ጆሮው አልሻከረም እንላለን።

ይህን ካልን በኋላ ቅሬታችንንም አንደብቅም። በ«ዴርቶጋዳ» ዓለም ጀግኖቹ የማይችሉት ነገር ጥቂት ነው፤ የተሰወረችው ኢትዮጵያም ለእኛ ከሚገባው በላይ ታባብለናለች። መጽሐፉን ዘግተን ስንነሣ ደስ ይለናል፤ የጎደለን ነገር ግን ባለበት አለ። «ጨለማው መስተዋት»ም ነውር አያጣውም፤ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ክፋቱም ከማዶ ብቻ የሚመጣ እስኪመስል ድረስ ጎራው የተለየ ነው። መስተዋት የሚረዳን ጉድፋችንን ሲያሳየን ነው፤ ሁልጊዜ «አምሮብሃል» የሚል መስተዋት ግን ሰውን ጉድፉን ይዞ አደባባይ ያወጣዋል።

እንግዲህ የእኛ ሚዛን ይህ ነው። ስለ ሌላ ዓለም የተጻፈን መጽሐፍ «ይህ ይሆናልን?» ብለን አንፈትነው፤ «ወላጁ ማን ነው?» ብለንም አንናቀው። «ከሄድንበት ስንመለስ ቤታችንን እንዴት አየነው?» ብለን እንጠይቅ። ቤቱን በአዲስ ዓይን ያሳየን መጽሐፍ፣ የቴሌቪዥን የእንጀራ ልጅ ቢሆንም፣ ቦታ ይገባዋል። ያላሳየን ደግሞ፣ የክቡር ደራሲ ልጅ ቢሆንም፣ እንከራከርበት፤ እዚያው ካርቶን ውስጥ ሆኖ።

ካርቶን ማጽዳት መጽሐፍ ማገድ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ጓደኛችንም ሳንሱር አይደለም፤ ቦታ ያጣ ተማሪ ነው። ነገር ግን ሰው ሳያነብ «ይህ ለእኛ አይሆንም» ማለት ከለመደ፣ ነገ ሌላው ሲያግድበት ምን እንደ ጎደለው አያውቅም። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ ሁለተኛ ካርቶን ይምጣ። ከታች ያለው ሱቅ ባዶውን በነፃ ይሰጠናል።

ለሌሎቻችሁም፣ በየግቢውና በየኪራይ ቤቱ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አንድ ልመና አለን። ብዕር ያላችሁ የትይዩዋን አዲስ አበባ ጻፉልን፤ ያ ደራሲ ወደ ቤቱ የተመለሰባትን፣ ያ መጽሐፍ ያልተሰበሰበባትን፣ ወይም ከእኛ የከፋችውን። ብዕር የሌላችሁ አንብቡና ተከራከሩ።

የፊዚክስ ወንድማችን «ጨለማው መስተዋት»ን ባለፈው ቅዳሜ ይዞት ሄዷል። «ስሕተቱን ልቆጥር ነው» ይላል። ትናንት በታክሲ ውስጥ ስናገኘው ገጽ 200ን አልፎ ነበር፤ ቆጠራው የት እንደ ደረሰ ብንጠይቀው ቀና ሳይል «ቆይ፣ ልጨርሰው» አለን።