እናትን ያስቀረ የትውልድ ቆጠራ

አንድን ወጣት «አያትህን የወለደው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት፣ በአባቱ በኩል ሦስት አራት ስም ይቆጥራል። «የእናትህን እናትስ ማን ወለዳት?» ቢሉት ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ዝምታ ጥቂት ቃል መናገር ተገቢ መስሎ ታየን።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ትውልድ መቁጠር ለወግ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚጠይቅ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ስሙን አንድ በአንድ ማውረድ ነበረበት። ቆጠራውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ነበር፤ በደንቡ ሴት ልጅም የርስት ተካፋይ ነበረችና። በፈረንሳይ አገር በብዙ አውራጃ የመኳንንቱ ርስት አብላጫው ለበኵሩ ወንድ ልጅ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ግንቡና መሬቱ በአንድ ቤት ስም ለረጅም ዘመን ይቆይ ነበር። በእኛ ደጋ ግን ርስቱ በየትውልዱ ይከፋፈላል፤ ሙግቱም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

ቆጠራ የሥልጣንም ማስረጃ ነበር። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ ከተነሡት ከነጋሢ ጀምሮ ስብስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ እየተባለ ይወርዳል። ዘጠኝ ስም ነው፤ ዘጠኙም የወንድ ነው። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሥልጣኑ በማን በኩል እንደ ሄደ እንመልከት። ልጅ ኢያሱ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ናቸው። በ1909 ዓ.ም. የነገሡት ዘውዲቱ ራሳቸው የምኒልክ ሴት ልጅ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚገናኙት በራስ መኰንን እናት በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ነው። እንግዲህ ሴቶችን ያስቀረ ሐረግ ከሦስቱ አንዳቸውንም አያስረዳም። የነገሥታቱ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ የገበሬው ቤት ምን ያህል ጎድሎበት ይሆን?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ አያት ቆጥሮ ርስት የሚረከብ የለም። «ታዲያ ቆጠራው ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን በተቃራኒው እናየዋለን። ዱሮ መሬት ለማግኘት ሲባል ስም ሊጨመርም ሊቀነስም ይችል ነበር፤ ዛሬ ሙግቱ ስለ ቀረ እውነቱን ለመጻፍ የሚከለክል ጥቅም የለም። ጋብቻም ቢሆን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በእናትም በአባትም ነው።

ይሁን እንጂ ጊዜው አይጠብቅም፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች እያለፉ ነው። ስለዚህ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ሹም በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ አንድ ደብተር ይያዝ። እገሌ ከተባለ ንጉሥ እወለዳለሁ ለማለት አይቸኩል፤ መጀመሪያ የእናቱን እናት ስም ጠይቆ ይጻፍ።